አምስት ሺህ አርባ፣ ቀሪ አንድ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። አለቃው፣ ዘበኛው፣ ሸማኔዎቹ ሁሉ «ያለቀሪ» ነበር የሚሏት፤ በዕድሜ የሚያንሷት ደግሞ ለአክብሮት «እትዬ ያለቀሪ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የራሷ ምላስ ነው። አዲስ የጨርቅ ንድፍ በመጣ ቁጥር፣ ቀለሙን እንኳ ሳታይ፣ «ይካፈላል? ያለ ቀሪ?» ብላ ትጠይቃለች። ይካፈላል ካሏት እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ሥራዋን ትጀምራለች። አይካፈልም ካሏት ግን ንድፉን ያወጣውን ሰው ብርጭቆ እንደሰበረ ልጅ ከላይ እስከ ታች ታየዋለች፤ ሰውየውም አንድ ቃል ሳትናገረው ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል።

ሥራዋ ድር መዘርጋት ነው። ጨርቅ ከመሸመኑ በፊት በቁመቱ የሚሄደው ክር ሁሉ፣ አንዱ ካንዱ ሳይጠላለፍ፣ ጎን ለጎን ተሰልፎ በአንድ ትልቅ ጥቅል ላይ መጠምጠም አለበት። ድሩ ያ ነው፤ ማጉ በኋላ በመወርወሪያ ይመጣል። ሰው የጨርቁን ቀለም ያደንቃል፣ ሸማኔውን ያመሰግናል፤ ድር የዘረጋውን ግን ድሩ የተበላሸ ቀን ካልሆነ በቀር ማንም አያስታውሰውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እሷ በዘመኗ ያስተባበረችው ድር ሁሉ አንበሳ ያስር ቢሆን ኖሮ በዱር አንድም ባልቀረ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ማሽን አጠገብ ታስራ የኖረችው እሷው ናት።

የድሩ ክር ብዛት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አምስት ሺህ አርባ። ይህን ቁጥር እንደ ሰው ትወደው ነበር። እንዴት ሰው ቁጥር ይወዳል የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ከሰባት ጋር የነበራትን ጠብ ይስማ።

አባቷ ቀደም ብሎ ነው የሞተው። እናቷ የመጨረሻውን ልጅ በወለደች ማግሥት አረፈችና ሰባት ልጆች በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ቀሩ። እሷ የሁሉም ታላቅ ናት፤ ፋብሪካው የገባችውም በዚያው ዓመት ነው። ማታ ከሥራ ስትመለስ አንድ ክብ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ ሕፃኑም ዳቦ መብላት ከቻለ ወዲያ ጣጣው እዚያ ላይ ይጀምራል። ዳቦን ለስምንት መቁረጥ ሕፃንም ይችላል፤ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት ነው። ለስድስትም ቢሆን አያስቸግርም። ለሰባት ግን እስቲ ሞክሩት። አንዱ ቁራሽ ሁልጊዜ ይበልጣል፣ አንዱ ሁልጊዜ ያንሳል፤ የተራበ ልጅ ዓይን ደግሞ ከየትኛውም ሚዛን ይብሳል። በየማታው ጠብ ነው፣ በየማታው «የሱ ይበልጣል» ነው።

አንድ ቀን መላ መጣላት። ዳቦውን ለስምንት ቆረጠችና ሰባቱን አደለች፤ ስምንተኛዋን ቁራሽ በጨርቅ ሸፍና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «ይቺ ዛሬ ላለቀሰ ልጅ ናት» አለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም በየተራ አለቀሱ። ሕጉን አሻሻለች፤ «ከልቡ ላለቀሰ»። ዳኛዋ እሷው ስለነበረች ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ከልብ ማልቀስ እንደ ጉንፋን ተራ እየያዘ በየቤተሰቡ ውስጥ ይዞራልና ቁራሿ ለሁሉም ደረሰች። ያልደረሰችው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ ለተወለደው ወንድሟ። እሱ አባወራ ነኝ ባይ ነበር፤ እናቱ የተቀበረች ቀን እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው የዋለው። ስለዚህ ስምንተኛዋን ቁራሽ አንድም ቀን አልቀመሳትም።

ፋብሪካ ውስጥ ሥራውን ያስተማራት አንድ ሽማግሌ ድር ዘርጊ ነው። የሚሠሩት ጨርቅ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ፣ ባለ መስመር ነው። የአንዱ ንድፍ መስመር በየስድስት ክሩ ይደገማል፣ የሌላው በየሰባቱ፣ የሌላው በየአስራ ሁለቱ። የክሩ ብዛት እኩል ካልተካፈለ ዳር ላይ ግማሽ መስመር ተቆርጦ ይቀራል፤ ግማሽ መስመር ያለው መጋረጃ ደግሞ በአንድ እግሩ ብቻ ሱሪ ያጠለቀ ሰው ይመስላል።

«ልጄ» አላት ሽማግሌው፣ «ይህ ቁጥር ደግ ቁጥር ነው። ለሁለት በይው፣ እሺ ይላል። ለሦስት በይው፣ እሺ ይላል። እስከ አስር ድረስ የመጣውን ሁሉ አስተናግዶ ይሸኛል።»

«ለሰባትስ?» አለችው።

«ለሰባትም።»

አላመነችውም። በምሳ እረፍቷ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ በጠመኔ ቁራጭ መሬቱ ላይ አካፈለችው። ሰባት መቶ ሃያ፤ ቀሪ የለም። ደግማ አካፈለችው፤ ያው ነው። ዳቦ ያልቻለውን ቁጥር ችሎ ስታየው እንባዋ መጣ፤ ሰው እንዳያያት ጠመኔውን በእግሯ አጠፋችው። ሽማግሌው ግን አንድ ቅሬታ ነበረው። ቁጥሩ ለአስራ አንድ ሲሉት አሻፈረኝ ይላል። እሱ ራሱ የአስራ አንድ ልጆች አባት ነበርና በዚህች አንዲት ነገር ቁጥሩን እስከ ዕለተ ሞቱ ይቅር አላለውም።

ታናናሾቿ አደጉ። ሁለተኛው ሱቅ ከፍቶ ነጋዴ ሆነ። ሦስተኛዋ፣ ድምፅዋ ከፋብሪካው ፊሽካ የማይተናነሰው፣ ነርስ ሆነችና በሆስፒታሉም በቤቱም «አዛዥ» ተባለች። ሌሎቹ ሦስቱ በየአቅጣጫው ትዳርም ሥራም ያዙ። የመጨረሻው፣ ማሙሽ፣ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ለእሷ ግን ያው ማሙሽ ነው።

ማሙሽ ገና ተማሪ ሳለ ነው የቁጥሩን ሌላ ገመና ያወጣላት። ከአንድ ተነስተው እያባዙ እስከ ሰባት ቢሄዱ አምስት ሺህ አርባ ይመጣል። ከሰባት ተነስተው እስከ አስር ቢያባዙም ያው አምስት ሺህ አርባ ነው። ከእሱ በታች ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ደግሞ የእሱን ያህል ብዙ አካፋይ ያለው የለም፤ ስልሳ አሉት። በመጨረሻም፣ ሰባት እህትና ወንድም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢቀመጡ፣ ቦታ እየተቀያየሩ የሚቀመጡበት መንገድ ቢቆጠር በትክክል አምስት ሺህ አርባ ነው።

«ይህንን እንኳ አታስተምረኝ» አለችው። «ልጆች ሳላችሁ ሁሉንም አሳይታችሁኛል፤ በእያንዳንዱም ተጣልታችሁበታል።»

እሷስ? ፋብሪካው ውስጥ ማሽን የሚጠግን አንድ ሰው ነበር። ዝምተኛ ነው፤ የእሷን ማሽን ግን ሳይበላሽም ይጠግነው ነበር። እንጋባ አላት። አዛዥ ትምህርቷን ትጨርስ አለችው። ጠበቀ። ደግሞ ጠየቃት፤ ማሙሽ ይቁምልኝ አለችው። ያን ጊዜ ሰውየው ወደ ሌላ ፊቱን አዞረ፤ አይፈረድበትም። ለሠርጉ ፋብሪካው የሰጠውን የአልጋ ልብስ ድር የዘረጋችው እሷ ናት፤ ቆንጆ ድር ነበር። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጎረቤት በአጥር ላይ ለሌላዋ ጎረቤት «ያቺ እኮ ቆማ ቀረች» ስትል ሰማች። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች። ዝምታው አልነቀዘም፤ ቃሉ ግን ውስጧን ሲበላት ኖረ። ያለቀሪ የሚሏት ሴት ራሷ ቀሪ መሆኗን ለማንም አልነገረችም።

ጡረታዋ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ነጋዴው ወንድሟ ፋብሪካው በር ድረስ መጣ። ፊቱ በርቷል። ታናናሾቹን ሰብስቦ ስለ እሷ ተመካክረዋል፣ ተስማምተዋልም። ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም። እያንዳንዳቸው ጋ በየተራ ሁለት ሁለት ወር ትቀመጣለች፣ ዓመቱ ሲሞላ እንደገና ከመጀመሪያው ይዞራል። ያ ሁለት ክፍል ቤት ይዘጋል፤ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግላታል?

«ባንቺው ሒሳብ ነው ያካፈልነው፣ እታለም» አላት እየሳቀ። «አስራ ሁለት ወር ለስድስት ሰው። ያለ ቀሪ።»

ደስ እንዲላት ነበር ያላት፤ ይህንን መካድ ግፍ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ በፀሐይ ተጉዞ፣ ይህችን ቀልድ መንገድ ለመንገድ አዘጋጅቶ ነው የመጣው። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ሌላ ምን ትበል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታካፍል የኖረች ሰው የተካፈለች ቀን ምን እንደሚባል ማንም አላስተማራትም።

ወደ ማሽኗ ስትመለስ ግን ያ ቤት ዓይኗ ላይ መጣ። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የጓዳው መስኮት፣ ሲከፈት የሚያቃስተው በር፣ ከዕድሜ ልክ የዳቦ ቢላ ብዛት ስምንት ጨረር የወጣበት የእንጨት መክተፊያ። ሁለት ወር እዚህ፣ ሁለት ወር እዚያ፣ ሻንጣ በእጅ፣ የሰው ጓዳ፣ የሰው መኝታ ሰዓት። ታናናሾቿን ትወዳቸዋለች፤ ቤታቸው ስትሄድ ደስ ይላታል፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን የበለጠ ደስ ይላታል። መሄድ አልፈለገችም። ይህን ለራሷ በግልጽ ስትናገር የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የተሳሳተችው።

አራት መቶ ሃያ የክር በከራ መደርደሪያው ላይ ይቆማል፤ አራት መቶ ሃያው ክር አንድ ላይ ተስቦ ይጠመጠማል፤ ይህ አስራ ሁለት ጊዜ ሲደገም ድሩ ይሞላል። ክር ቢበጠስና ጫፉ በሌሎቹ መሃል ቢጠፋ ደንቡ የታወቀ ነው። ከመጠባበቂያ በከራ ምትክ ክር ይገባል፤ የጠፋው ጫፍ ኋላ ከተገኘ ከሁለቱ አንዱ ይወጣል። የመጨረሻውን ዙር ገና መሳብ እንደጀመረች አንድ ክር ተበጠሰና ጫፉ ጠፋባት። ምትኩን አስገባች። የጠፋውን ፈልጋ አገኘችው፤ እጇ በልማድ ከበከራው ክር ጋር መልሶ ቋጠረው። ከሁለቱ አንዱን ማውጣት ነበረባት። ሐሳቧ ግን ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ሁለቱንም እንዳሉ ትታ ማሽኑን ለቀቀችው።

በማግሥቱ ክር ሰኪዎቹ ድሩን ተረከቡ። የእነሱ ሥራ ክሩን ሁለት ሁለት እያደረጉ በብረት ማበጠሪያ ጥርሶች መሃል ማሳለፍ ነው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ቀዳዳ፣ በእያንዳንዱ አንድ ጥንድ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀዳዳው አለቀ፤ አንዲት ክር ግን ተንጠልጥላ ቀረች። ዋናዋ ክር ሰኪ፣ ተጫዋችና ልበ ቀና ሴት፣ ክሯን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣

«ሁሉም ተጋብተው አንዷ ቆማ ቀረች» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቀና ስትል ያለቀሪ በሩ ላይ ቆማለች። ሴትየዋ ክሯን ይዛ ደረቀች፤ ይቅርታ ብትል ነገሩን ልታባብስ ነው፣ ዝም ብትልም ያው። ያለቀሪ ጠጋ ብላ ክሯን አየቻት፣ ከየት እንደመጣችም ወዲያው ገባት። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርታ አታውቅም።

አለቃው ነገሩን አቃለለው። አንዲት ክር ምን አላት፣ ተቆርጣ ትጣል አለ፤ ዕድሜ ነው እትዬ፣ አሁንማ ዕረፍት ያስፈልግሻል ብሎም ጨመረበት። ለማጽናናት ነበር፤ ነገር ግን «ዕድሜ ነው» ማለት ለነጋዴው ወንድሟ ማስረጃ ማቀበል ነው። እሷ ክሯ እንዳትቆረጥ ለመነች። ድሩ እየተሸመነ ሲፈታ ያቺ ክር ለብቻዋ በጎን እየወጣች እንድትጠነጠንላት ጠየቀች። ሸማኔው ግር ቢለውም እንዳለችው አደረገ፤ የዚያ ሁሉ ጨርቅ ቁመት ያላት አንዲት ክር የብርቱካን መጠን ያለው ልቃቂት ሆና በሽርጧ ኪስ ቤት ገባች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ማሙሽ ሊጠይቃት መጣ። ሁልጊዜ እሑድ ይመጣል፤ ከስድስቱ አዘውትሮ የሚመጣው እሱ ነው። ልቃቂቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። የተበጠሰውን ክር፣ ምትኩን፣ ክር ሰኪዋ ያለችውንም ሳይቀር ነገረችው። ከዚያ፣

«ማሙሽ፣ አምስት ሺህ አርባ አንድ ለስንት ይካፈላል?» አለችው።

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ዳቦው የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቶ እርሳሱን አወጣ። ለሁለት፣ ቀሪ አንድ። ለሦስት፣ ቀሪ አንድ። ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት፣ ለሰባት፣ እስከ አስር ድረስ፣ ሁሉም ቀሪ አንድ። እንዲህ መሆኑ አይገርምም አላት፤ አምስት ሺህ አርባው ለሁሉም ይዳረስና ያቺ የተጨመረችው አንዷ ለማንም ሳትደርስ ትቀራለች።

«ለማንም» አለች።

«እስካሁን ለማንም።»

«እንግዲያው ብቸኛ ቁጥር ነው።» ይህን ቃል ከእሱ ነው የተማረችው። በሒሳብ ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለው ነው።

እሱ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ክር ቢጎድላት ኖሮ አዎ፣ አምስት ሺህ ሠላሳ ዘጠኝ ብቸኛ ቁጥር ነው። ስለተጨመረው ግን ሳይሞክሩ መፍረድ አይቻልም። ደግሞ ማለቂያ የለውም ብለሽ አትፍሪ አላት፤ እስከ ሰባ አንድ መሞከር ይበቃል፤ ሰባ ሁለት በሰባ ሁለት ሲባዛ ከቁጥሩ ያልፋል። ከሰባ አንድ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖረው አብሮት የሚባዛው ጓደኛው የግድ ከሰባ አንድ ያነሰ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ በመንገድ ላይ እናገኘዋለን። ሰባ አንድ የመጨረሻው በር ነው፤ እሱም እምቢ ካለ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፣ አለቀ።

ወንበሯን አስጠጋች። አስራ አንድ እምቢ አለ። አስራ ሦስት እምቢ። አስራ ሰባት እምቢ። ማሙሽ እያካፈለ፣ እሷ ከንፈሯን ነክሳ እያየች፣ ወረቀቱ በቁጥር ተሞላ። ሠላሳ አንድ እምቢ፣ አርባ ሦስት እምቢ። ስልሳ አንድ። ስልሳ ሰባት። እምቢ፣ እምቢ። ወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ቀርታ ነበር፤ እዚያ ላይ ሰባ አንድን ጻፈ። አካፈለ። እርሳሱ ቆመ።

«እታለም» አለ፣ «ያለ ቀሪ ነው።»

«ለእያንዳንዱ ስንት ደረሰው?»

«ሰባ አንድ። ሰባ አንድ ጊዜ ሰባ አንድ ነው። ሌላ ማንም አያካፍለውም፤ ራሱን በራሱ አባዝቶ የቆመ ቁጥር ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ማሙሽ የአስተማሪ ነገር አይለቀውምና፣ ቁጥር ቁጥር ነው፣ ስለ ሰው ሕይወት የሚናገረው ነገር የለም ብሎ አስጠነቀቃት። እሷም ጠንቋይ ዘንድ አልሄድኩም፣ የጠየቅሁት ሒሳብ ነው አለችው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ፣ ከዚህ ቤት መውጣት እንደማትፈልግ ነገረችው። እሱም በዕቅዱ ከተስማሙት አንዱ ነበር፤ የእሱ ሁለት ወር የመጨረሻው ነበር፣ ክፍሉንም ቀለም እያስቀባ ነበር። ጆሮው ቀላ።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«አልጠየቃችሁኝማ።»

እናገርልሻለሁ አላት። አይሆንም አለችው፤ እኔ ነኝ የምናገረው።

ከፋብሪካው ከተሸኘች በኋላ በነበረው እሑድ ስድስቱም መጡ። ነጋዴው ገመድና ካርቶን ይዞ ነው የመጣው፤ አዛዥ ከበሩ ላይ ጀምራ የቱ ዕቃ የት እንደሚሄድ ታዝ ነበር። ክፍሉ በትልልቅ ሰዎች ጉልበት ተጨናንቆ፣ አንዱ አልጋ ጫፍ ላይ፣ አንዱ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እሷ ምንም ሳትናገር መክተፊያውን አመጣችና አንድ ክብ ዳቦ ላዩ ላይ አስቀመጠች። ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት። ሰባቱን አደለች። ስምንተኛዋን በጨርቅ ስትሸፍናት የሁሉም ወሬ በአንድ ጊዜ ቆመ፤ ይህን ካዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ሁለት ወር፣ ሁለት ወር፣ ለስድስት ሰው» አለች። «ቆንጆ ሒሳብ ነው፣ ቀሪ የለውም። ግን እዚህ ላይ የተቆረሰው ዳቦ አይደለም። እኔ ነኝ።»

አዛዥ አፏን ከፈተች፤ ማሙሽ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

ነጋዴው ገመዱን በእጁ ይጠመጥም ጀመር። ክፉ ቀን ቢመጣባት፣ ማታ ብትታመም፣ ማን አለላት ብሎ ጠየቀ። እሷም ጎረቤት አለ፣ ስልክ አለ፣ ጡረታዋም ለአንድ አፍ አያንስም ብላ አንድ በአንድ መለሰችለት። ምክንያቱ ሁሉ ሲያልቅበት የመጨረሻውን፣ ከሁሉም በታች የነበረውን አወጣ።

«እታለም፣ ሰው ምን ይለናል? አሳድጋቸው፣ አስተምራቸው፣ ብቻዋን ትተዋት ሄዱ አይለንም?»

«ቆማ ቀረች ይላሉ» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነው፤ ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። «ድሮም ብለዋል፤ ሰምቻለሁ። ብዙ ዘመን ስድብ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ልክ ናቸው። አልወደቅኩም፣ አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ነው የቀረሁት። ስድስታችሁን ተራ በተራ ከዚህ በር ላይ ቆሜ ነው የሸኘኋችሁ። በፈለጋችሁ ቀን ስትመጡ በሩን የሚከፍትላችሁ ሰው ይኑር። እኔ እዚሁ እቀራለሁ።»

ነጋዴው ገመዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ወደ ጓዳው መስኮት ዞረ። መጀመሪያ የሳለ መሰላቸው። ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያ እናቱን ቀብሮ ጥርሱን ነክሶ የዋለው ልጅ፣ የልጅ ልጅ ያየው፣ ሆዱ ቀበቶ የሞላው ነጋዴ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አዛዥ እንኳ የምታዘው ጠፋት።

እታለም ተነሳች። ጨርቁን ገለጠችና ስምንተኛዋን ቁራሽ አንስታ ወንድሟ ፊት ይዛት ቆመች።

«ይሄኛው ከልብ ነው» አለችው።

እሱም ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።